ስክሪኑ የጨለመበት ሰዓት

ሰብሌን የጠሯት ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ሱቋ ውስጥ ከአንድ የተፈታ ላፕቶፕ ላይ አቧራ ስታራግፍ፣ ኮንስታብል ሰለሞን በሩ ላይ ቆሞ «ቦርሳሽን እንዳለ ያዢና ነይ» አላት። «ምነው?» ብትለው ወደቆመው ባጃጅ ጠቆማት። ባጃጁ ዳገቱን መውጣት ሲጀምር ግን ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ «ጋሽ ተክለጻድቅ ሞተዋል» አለ። «መብራት ይዟቸው ነው ይላሉ።»

ሰብሌ ክው አለች። ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ከአርባ ድረስ ከእሳቸው ጋር ነበረች። ላፕቶፓቸውን ነክታለች፤ ቻርጀሩንም በገዛ እጇ ሰክታ ነው የወጣችው። ሰው በኤሌክትሪክ ሲሞት በመጀመሪያ የሚፈለገው ሽቦውን በመጨረሻ የነካው ሰው እንደሆነ ለመገመት ፖሊስ መሆን አያስፈልግም።

ቦንጋ ላይ ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም፤ ቀድሟት ደርሷል። ከግቢው ውጭ የተሰበሰበው ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ አክብሯት ግን አልነበረም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እሷ ናት» አለች። ሰብሌ ገባች፤ ሰለሞን የቆርቆሮውን በር ከኋላዋ ቀረቀረው። ከዚያ በር የምትወጣው ወይ ወደ ሱቋ ወይ ወደ እስር ቤት ነው፤ ሌላ መንገድ አልታያትም።

ሟቹ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ግማሹን የከተማ ሰው ፊደል ያስቆጠሩ መምህር ናቸው፤ ከጡረታ በኋላ ደግሞ የድንበር ክርክር ሲሰሙ የኖሩ ሽማግሌ። ወገባቸውን ስለሚያማቸው ማጎንበስ ከተዉ ቆይተዋል። ያን አሮጌ ላፕቶፕ ከሞት ያስነሣችው ሰብሌ ናት፤ ያከበደውን ሁሉ አጥፍታ ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ሲስተም ጭናላቸዋለች። የይለፍ ቃል ላድርግልዎ ብትላቸው «የገዛ ቤቴን በር አላንኳኳም» ብለው እንቢ ያሉ ሰው ነበሩ። ሰብሌ ትወዳቸው ነበር፤ አሁን ግን ለማልቀስ እንኳ ፋታ አላገኘችም።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የሟች ልጅ መምህርት በዛወርቅ ዐይኗ አብጦ ጥግ ይዛለች። የእህታቸው ልጅ ሣህሌ፣ ቢታ ገነት በኩል ሰፊ የቡና መሬት ያለው ጎልማሳ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሽከረክራል። ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየችው ነርስ ቀጸላ ደግሞ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ናት።

በዛወርቅ ሰብሌን ስታይ ተነሣች። «አባቴን ገድለሽ ሱቅሽ ገብተሽ ተቀመጥሽ?»

«እትዬ በዛወርቅ፣ እኔ...»

«ቁጭ በዪ፣ የኔ እህት» አለች ከውስጠኛው ክፍል የወጣች አንዲት አጭር ሴት፣ በዛወርቅን ትከሻዋን ይዛ። ኢንስፔክተር የምሥራች ናት። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ አማርኛዋ ለስለስ ያለ፣ የካፋዎቹ ቋንቋ የካፊኖኖ ቅላጼ የሚሰማበት ነው። የሚያውቋት ሰዎች የሚፈሩት አንድ ጠባይ አላት፤ ጠይቃ መልስ ከሰማች በኋላ ያልሰማች መስላ ያንኑ እንደገና ትጠይቃለች።

ሰብሌን አስከትላ ወደ ማንበቢያው ክፍል ገባች። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ ክፍቱን ነው፤ ስክሪኑ ግን ጨልሟል። ከሥሩ አንድ ባለ ገመድ የሶኬት ማከፋፈያ፣ ዲቫይደር፣ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ቻርጀሩ ዲቫይደሩ ላይ እንደተሰካ ነው። የቻርጀሩ ገመድ ወደ ዲቫይደሩ በሚሄደው በኩል ጣት በሚያህል ቦታ ላይ ተልጦ መዳቡ ያብለጨልጫል።

«ቀኝ እጃቸው እዚህ ላይ ነበር» አለች የምሥራች ወደ ተላጠው እየጠቆመች። «ጭንቅላታቸው እዚያ ትልቁ ሳጥን ጥግ። እሺ፤ ጠዋት የሠራሽውን ንገሪኝ። እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ማጥፋት ብቻ ነው።»

«እያነበቡ ሳለ ስክሪኑ ይጨልምባቸው ነበር» አለች ሰብሌ። «እሳቸው አንድ ገጽ ላይ ብዙ ይቆያሉ። ማሽኑ አምስት ደቂቃ ካልተነካ ሰው የለም ብሎ ስክሪኑን ያጠፋል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ጭራሽ ይተኛል። እኔ ሴቲንጉን ለየሁላቸው። ቻርጀር ላይ ሲሆን እንዳይጨልም፣ እንዳይተኛም አደረግሁት። በባትሪ ሲሆን የድሮውን ተውኩት፤ ባትሪው አርጅቷል፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የሚቆየው።»

«ቻርጀር ላይ አይጨልምም።»

«አይጨልምም።»

«በባትሪ በአምስት ደቂቃ ይጨልማል።»

«ካልነኩት፣ አዎ።»

«ቻርጀር ላይስ?»

«አይጨልምም አልኩዎት፣ ኢንስፔክተር።»

የምሥራች ራሷን ነቀነቀችና የሰብሌን ቦርሳ ከፈተች። ትርፍ ቻርጀር፣ ካቻቢቴዎች፣ ቀይ እጀታ ያለው መሣሪያ አወጣች። «ይሄስ?»

«ሽቦ መላጫ ነው። ዛሬ አልተጠቀምኩበትም። ገመዱ ጠዋት ደህና ነበር፤ በእጄ ዳስሼዋለሁ።»

«ስትዳስሽ ማን አየሽ?»

«እሳቸው» አለች ሰብሌ፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምስክሯ ማን እንደሆነ ገባት። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሱቋ ውስጥ እንደነበረች መናኸሪያው በሙሉ ይመሰክርላታል፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ያልነበረ ሰው የተወው የተላጠ ሽቦም ይገድላል። በቸልተኝነት ሰው ገደለች ተብላ ስትከሰስ፣ ሱቋ ሲታሸግ፣ እናቷ ስንቅ ይዛ እስር ቤት በር ላይ ስትቆም ታያት።

«እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ» አለቻት የምሥራች። «የሚሉትን ስሚ። አፍሽን እንዳትከፍቺ።»

መጀመሪያ በዛወርቅ ገባች። ሦስት ተኩል ላይ ሰብሌን ከአባቷ ጋር ትታ ገበያ ሄዳለች፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስትመለስ አባቷን ወለል ላይ አገኘቻቸው። «ሽቦውን ሳይ ሮጬ ከቆጣሪው ላይ አጠፋሁት። ከዚያ ጮኽኩ። ቀጸላ ወጣች፤ ለሣህሌም ደወልኩ።»

«ከሶኬት የነቀልሽው ነገር አለ?»

«ምንም አልነካሁም።»

«ይሄ ዲቫይደር እኮ ከግድግዳው ተነቅሏል» አለች የምሥራች፤ ከትልቁ ሳጥን ጀርባ፣ ወለሉን ሊነካ ምንም ያልቀረውን የግድግዳ ሶኬት እያሳየች። «ቻርጀሩ ዲቫይደሩ ላይ አለ፤ ዲቫይደሩ ግን ግድግዳው ላይ የለም።»

«በግርግሩ አንዱ ነቅሎት ይሆናላ።»

«ይሆናል። አባትሽ ምን ያነቡ ነበር?»

«የደን ድንበር ማስረጃ ነው። ያኔ ደኑ ሲከለል ተመርጠው ድንበሩን የተከሉት እሱና ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እሱ ብቻ ነው በሕይወት የቀረው። ጥብቁን ደን ገፍተው ቡና የተከሉ ሰዎች አሉ። ፎቶዎቹን አስተካክሎ ሰኞ ለዞኑ ሊሰጥ ነበር።» በዛወርቅ አፍንጫዋን ጠረገች። «የሣህሌም መሬት አለበት። ግን ሊያግባባው ነበር፤ ወንድ ልጁ ማለት ነው እኮ።»

ቀጥላ ቀጸላ ገባች። ከሰዓት ተረኛ ስለነበረች ጋዋኗን ስትተኩስ መብራት ሄደባት። «አራት ሰዓት ከሃያ ነው፤ ሰዓቴን አይቻለሁ። የመጣው አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው። ቢሆንም ትንሽ ቆይቼ ነው ካውያዬን የሰካሁት።»

«ነቅለሽው ነበር?»

«ነቅዬው ነዋ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ዕቃ ያቃጥላል። እዚህ አገር መብራት ሲሄድ የማይነቅል ማን አለ?»

«መብራት በሌለበት ጊዜ የገባ፣ የወጣ ሰው ነበር?»

ቀጸላ አሰበች። «የግቢው በር ሲዘጋ ሰምቻለሁ፤ ወደ አምስት ሰዓት ግድም። በዛወርቅ ናት ብዬ አልወጣሁም።»

የሣህሌ ተራ ደረሰ። ከቢታ ገነት ትናንት ማታ ነው የገባው፤ አጎቱን ሰላም ሊል አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ሄዷል። «መብራት ከመሄዱ በፊት ወጥቻለሁ፣ ኢንስፔክተር። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ነው የሄደው።»

«እርስዎ ሲወጡ ጋሽ ተክለጻድቅ እንዴት ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ። ተናደው ነበር እንጂ።» ሣህሌ ወደ ሰብሌ በጣቱ ጠቆመ። «በዚች ነዋ። ጠገንኩት ብላ ከሄደች በኋላ እኔ ፊት ሁለቴ ጨለመባቸው። ‹ጨረስኩ ብላኝ ሄዳ ይኸው› እያሉ ነካ ያደርጉታል። ስክሪን ያቃታት ልጅ ሽቦ ትችላለች?»

«ሁለቴ ጨለመ?»

«ሁለቴ፤ በዐይኔ አይቻለሁ።»

ሰብሌ በሐሳቧ ወደ ጠዋቱ ተመለሰች። አዲሱን ሴቲንግ አላስቀመጥኩትም ማለት ነው? መጨረሻ ላይ ያችን ቁልፍ ሳልጫን ወጥቼ ይሆን? ስክሪኑን ሠራሁ ብላ ካልሠራችው፣ ገመዱን ዳሰስኩ ማለቷንስ ማን ያምናታል? የምሥራች ግን ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ ለሰለሞን «የተናገሩትን ቃል በቃል ጻፈው» አለችና ሣህሌን አስፈረመችው።

እሱ ሲወጣ ጠረጴዛው ጋ ሄደች። «ይሄ ማሽን ቀኑን እንዴት እንደዋለ ሊነግረን ይችላል?»

«ይጽፋል» አለች ሰብሌ። «መቼ ቻርጀር እንደተቋረጠ፣ መቼ እንደተኛ፣ ባትሪው ስንት እንደነበረ። እኔ ግን አልነካም። መዝገቡን አስተካክላ ነው ይሉኛል።»

የምሥራች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ጎሽ። አንቺ ተናገሪ፣ ሰለሞን ይጫን፣ ቀጸላ ቆማ ትይ።»

ሰለሞን በሁለት ጣቱ፣ ዶሮ ጥሬ እንደሚለቅም፣ የተባለውን ሁሉ ተጫነ። ማሽኑ ከእንቅልፉ ነቃ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሰብሌ ወደ አበሻ ሰዓት እየቀየረች አነበበች። አራት ሰዓት ከሃያ፣ ቻርጀር ተቋረጠ፤ ባትሪ መቶ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፣ ማሽኑ ሳይነካ ቆይቶ ተኛ፤ ባትሪ ሃምሳ ስምንት። ከዚያ በኋላ አሁን እስኪነቃ ድረስ ምንም የለም።

«አሁን ባትሪው ስንት ነው?»

«ሃምሳ ስድስት» አለች ሰብሌ፤ ቁጥሩን ካነበበችው በኋላ ደግማ አየችው። ልትናገር ስትል የምሥራች እጇን አነሣች። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጠራ፤ ከሆስፒታል ነበር። ለረጅም ጊዜ ካዳመጠች በኋላ «ስንት ሰዓት ያህል?» ብላ ጠየቀች፤ ከዚያም እንደ ልማዷ ያንኑ ደግማ ጠየቀች።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁሉም ሳሎን ውስጥ ነበሩ። ከውጭ ዝናብ ጀምሯል፤ ሰው ግን ከበሩ አልሄደም። ላፕቶፑ መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በሰብሌ ትርፍ ቻርጀር ተሰክቷል። ስክሪኑ ላይ የደን ፎቶ ይታያል።

«ይሄን ማሽን ከሰካነው ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖታል» አለች የምሥራች። «ማንም አልነካውም። እንደበራ ነው።» ከዚያም ቻርጀሩን ነቀለችና ስክሪኑን እንዳያጠፋ አንዴ ቁልፍ ነካ አደረገች። «አሁን ደግሞ በባትሪ ነው። እንጠብቅ።»

«ምን ልንጠብቅ?» አለ ሣህሌ።

«አምስት ደቂቃ ነው፣ አቶ ሣህሌ።»

አምስት ደቂቃ አጭር ነው የሚል ሰው በዚያ ሳሎን ውስጥ አልተቀመጠም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቀጸላ ጥፍሯን ታያለች። ሰብሌ ስክሪኑ ላይ ዐይኗን ተክላ በልቧ ትለምነዋለች፤ ቢበራ ጠፋች፣ ቢጨልም ዳነች። ሣህሌ ባርኔጣውን ማሽከርከር አቁሟል። «ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው» አለ በመሐል። ከዚያ ስክሪኑ ደብዘዝ አለ፤ ቀጥሎ ድርግም ብሎ ጨለመ።

ሰብሌ ወደ በዛወርቅ ቀና ብላ አየች።

«ልጅቷ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች» አለች የምሥራች። «ቻርጀር ላይ አይጨልምም፤ በባትሪ ብቻ ነው የሚጨልመው። አቶ ሣህሌ፣ እርስዎ አራት ሰዓት ላይ ገብተው መብራት ሳይሄድ ወጡ። መብራት ካለ ቻርጀር አለ። ታዲያ ሁለቴ ሲጨልም ያዩት የት ሆነው ነው?»

«እ... ድሮም ይጨልምባቸው ነበር። በስልክ ነግረውኛል፤ ተምታቶብኝ ነው።»

«‹ጠገንኩት ብላ ከሄደች በኋላ፣ እኔ ፊት› ነው ያሉት። ፈርመውበታል።» የምሥራች ድምፅዋን አላነሣችም። «ስክሪኑ የጨለመው መብራት ከሄደ በኋላ ነው። እርስዎም እዚያ ነበሩ። ማሽኑ የተኛው አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው፤ ለመተኛት አሥራ አምስት ደቂቃ ያለ ንክኪ ይፈልጋል። ስለዚህ መጨረሻ የተነካው አራት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ላይ ነው። ያኔ መብራት ከሄደ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሆኖታል።»

«ከተመለሰ በኋላ ሽቦውን ነክተው ቢሆንስ?» አለች በዛወርቅ በቀስታ። «አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ እኮ መጥቷል።»

«እኔም ያንን ነው ያሰብኩት። ግን ሰብሌ፣ ያ ባትሪ ከአምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ጀምሮ በዛወርቅ ቆጣሪውን እስካጠፋችበት፣ ሃምሳ ደቂቃ ቻርጅ ቢያደርግ ስንት ይደርስ ነበር?»

«ዘጠና ያልፍ ነበር» አለች ሰብሌ። «ሃምሳ ስድስት ነው ያገኘነው።»

«ስለዚህ መብራቱ ሲመጣ ዲቫይደሩ ግድግዳው ላይ አልነበረም። ያ ሽቦ ከአራት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ አንዴም ኤሌክትሪክ አላለፈበትም፤ ትንኝ አይገድልም። የነቀለው ሰው መብራት በሌለበት ሰዓት እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። ጋሽ ተክለጻድቅ ከሳጥን ጀርባ አጎንብሰው ሊነቅሉ አይችሉም። አቶ ሣህሌ፣ እርስዎ ቤትዎ መብራት ሲሄድ ምን ያደርጋሉ?»

ሣህሌ ወደ በሩ አየ።

«ባለፈው ክረምት የፍሪጁ ሞተር ተቃጥሎበታል» አለች በዛወርቅ፣ ዐይኗን ከሣህሌ ሳትነቅል። «ከዚያ ወዲህ የሰው ቤትም ቢሆን መጀመሪያ ሶኬት ነው የሚነቅለው።»

«እጅዎ በልማድ ነቀለው፤ ያልታሰበበት ነገር ደግሞ ይረሳል። በኋላ መብራት የገደላቸው ሊያስመስሉ ገመዱን ሲልጡ፣ ቻርጀሩ ዲቫይደሩ ላይ እንዳለ እያዩ ነበር፤ የተሰካ መሰለዎት። የሰብሌ መላጫ ዙሪያውን እኩል ይቆርጣል። ይሄ ገመድ ግን በአንድ ጎኑ ብቻ በቢላ የተፋቀ ነው። ሰለሞን፣ ኪሳቸውን እይልኝ።»

ሰለሞን የታጠፈ የቡና መግረዣ ቢላ አወጣ። ከስለቱ ሥር ጥቁር የላስቲክ ፍቅፋቂ ተጣብቋል።

ሣህሌ ወለሉን እያየ መናገር ጀመረ። «ልገድላቸው አልነበረም። ማሽኑን ወደኔ አዙረው ‹ይሄ የማን ቡና ነው?› አሉኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቴ ነው፣ ይተዉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ስክሪኑ ሲጨልም ጉዳዩ ያለፈልኝ ይመስለኛል። እሳቸው ነካ ያደርጉታል፤ መሬቴ እንደገና ብቅ ይላል። ማሽኑን ልወስድ ስል ያዙኝ፤ ገፋኋቸው። ሳጥኑ ላይ ወደቁ። ማሽኑን ብወስደው መብራት ገደላቸው የሚል አይኖርም ብዬ ተውኩት።»

«ሲወድቁ ሞተው ነበር?» አለች የምሥራች።

«አልተነቃነቁም።»

«ሲወድቁ ሞተው ነበር?»

ሣህሌ ባርኔጣውን ወደ ፊቱ አነሣ።

«ሐኪሙ አልሞቱም ይላል» አለች። «ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይቆዩ አልቀሩም ነው ያለኝ። ነርስ ግቢው ውስጥ ነበረች፤ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። እርስዎ ግን ገመድ ይልጡ ነበር።»

ቀጸላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በዛወርቅ ተነሥታ ሣህሌ ፊት ቆመች፤ ሁሉም ትመታዋለች ብለው ጠበቁ። አልመታችውም። «ስደውልልህ መጥተህ አብረኸኝ አለቀስክ» አለችው።

ሰለሞን ሣህሌን ይዞ ወጣ። የግቢው በር ተከፍቶ የሰው ጫጫታ ሲገባ ሰብሌ ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች። ነጻ ወጥታለች፤ ደስታ ግን አልተሰማትም። የተሰማት ንዴት ነበር፣ ከንዴቱ ሥር ደግሞ የጋሽ ተክለጻድቅ ኀዘን፤ ቀኑን ሙሉ እንድታዝንላቸው ያልተፈቀደላት ሰው።

በረንዳው ላይ በዛወርቅ ክንዷን ያዘቻት። «ሰብልዬ፣ ይቅር በዪኝ። ገድለሻል ብዬሻለሁ። በነገርኳቸው ሰዎች ፊት አሁኑኑ ልናገርልሽ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ግቢ፣ እህል ቅመሺ።» ክንዷን አጥብቃ ይዛ ታለቅሳለች።

ሰብሌ ክንዷን የያዘውን እጅ አየችው። «ለቅሶ እመጣለሁ፣ እትዬ በዛወርቅ። ሳልስቱ እስኪወጣ አልቀርም፤ ለእኔም አባት ነበሩ» አለች። «ዛሬ ግን አይያዙኝ።»

በዛወርቅ ለቀቀቻት። ሰብሌ ወደ ዝናቡ ወጣች፤ ባጃጅም ሳትጠራ ዳገቱን በእግሯ ወረደች።